ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሲሆን

ወዳጆች፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

እሁድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ የተነሳው ኢቲ 302 ናይሮቢ አልደረሰም። ስድስት ደቂቃ በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ቱሉ ፈራ በሚባል ቦታ፣ የገበሬ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ገድሏል። ድምሩ 346።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ከአደጋው በፊት ስለነበረው ወረቀት ነው። ያን አውሮፕላን «ለበረራ ብቁ ነው» ያለው ማን ነው?

ማኅተሙ የኤፍኤኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። ሥራው ግን በአብዛኛው የራሱ የቦይንግ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ኤፍኤኤ የፍተሻ ሥልጣኑን ለአምራቹ ድርጅት ሠራተኞች በውክልና መስጠት ይችላል። ደመወዛቸውን ከቦይንግ የሚቀበሉ መሐንዲሶች የቦይንግን አውሮፕላን በመንግሥት ስም ይፈትሻሉ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2019 (እ.ኤ.አ.) እንደዘገበው በ2018 ከማረጋገጫ ሥራው 96 በመቶውን የሚሠራው ድርጅቱ ራሱ ነበር። ተማሪው ፈተናውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ፣ ውጤቱን ለመምህሩ ሲነግር አስቡት።

ውጤቱን አይተነዋል። ቦይንግ ከኤርባስ ጋር እሽቅድምድም ላይ ስለነበር አሮጌውን 737 ትልልቅ ሞተር ገጥሞለት ማክስ አለው። ሞተሩ የአውሮፕላኑን ጠባይ ስለቀየረው አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ጨመሩለት። አውሮፕላኑ የነፋሱን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ ኤምካስ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከተበላሸ ሶፍትዌሩ ጤነኛውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይደፋዋል። በ2016 ቦይንግ የኤምካስ ነገር ከአብራሪዎች መመሪያ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ኤፍኤኤ የሶፍትዌሩ ጉልበት እንደጨመረ ሳያውቅ እሺ አለ። ለምን እንዲወጣ ፈለጉ? አብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠን አለባቸው ከተባለ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ውል ገብቶ ነበር። ይህን የጻፈው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ነው፣ በመስከረም 2020 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት።

ደሜን የሚያፈላው ግን ሌላ ነው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ኤፍኤኤ ራሱ ሒሳብ ሠርቶ ነበር። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 ተመሳሳይ አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል ሒሳብ። አሥራ አምስት! አውሮፕላኖቹን ግን አላቆሙም። ሰነዱን ሕዝብ ያየው በታኅሣሥ 2019 በምክር ቤቱ ችሎት ላይ ነው፤ የእኛዎቹ ከተቀበሩ ከወራት በኋላ።

ቱሉ ፈራ ላይ ጭሱ ሳይጠፋ ቻይና አገደች፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክሶች አቆመ፣ አውሮፓ ተከተለ። አሜሪካ ያገደችው ከመጨረሻዎቹ ጋር በሦስተኛው ቀን ነው። የአደጋ መመዝገቢያ ሣጥኖቹን መንግሥታችን ወደ ዋሽንግተን ሳይሆን ወደ ፓሪስ መላኩ፣ በዚያ ሳምንት ካየኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ልቤን የሞላ ነበር። ያም ሆኖ በግንቦት 2019 በምክር ቤቱ ችሎት ላይ ሳም ግሬቭስ የተባሉ የሚዙሪ ተወካይ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ሁኔታውን ይቆጣጠረው ነበር ብለው ተናገሩ። በሞተ ሰው ማላከክ ቀላል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅነው? መንግሥታቸው ደግ ስለሆነ ነው? አይደለም። የሟች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ችሎት ለችሎት ስለተንከራተቱ ነው። የቀድሞ የቦይንግ ሠራተኞች ስለተናገሩ ነው። እና ደግሞ፣ ይህ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ አደጋው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ «ይህ ውክልና አደገኛ ነው» እያሉ ሰነድ የሚያገላብጡ፣ አዳማጭ ያጡ ጥቂት የጥናትና የውትወታ ድርጅቶች ስለነበሩ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አባት አንዱ ራልፍ ናደር ነው። በ1965 ስለ አሜሪካ መኪኖች አደገኛነት መጽሐፍ ጻፈ። ጄነራል ሞተርስ የመለሰለት የግል ሰላዮች ቀጥሮ በማስከተል ነበር። ሲነቃበት የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ1966 ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የመኪና ደህንነት ሕግ ወጣ። ናደር ኩባንያውን ከሶ በ1970 በ425 ሺህ ዶላር ታረቀ፤ ገንዘቡንም ሌሎች ኩባንያዎችንና መሥሪያ ቤቶችን ለሚከታተል ሥራ አዋለው። ዛሬ መኪና ውስጥ ስትገቡ የምታስሩት ቀበቶ ግዴታ የሆነው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጭቅጭቅ ነው። ናደር ከኢቲ 302 ሟቾች አንዷ የእህቱ የልጅ ልጅ ነበረች። 24 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ከዚያ ወዲህ ከኮንግረስ ደጃፍ አልጠፉም።

ጩኸታቸው ከንቱ አልቀረም። በታኅሣሥ 2020 ኮንግረስ አዲስ ሕግ አወጣ፦ በመንግሥት ስም የሚፈትሹ የኩባንያ ሠራተኞችን ኤፍኤኤ ራሱ ያጸድቃል፣ የደህንነት መረጃ መደበቅ ያስቀጣል፣ ምስጢር የሚያወጣ የአምራች ሠራተኛ ጥበቃ ያገኛል። ልብ በሉ፣ ኢንዶኔዥያ ላይ አውሮፕላኑ ከመውደቁ 24 ቀን በፊት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.)፣ ይኸው ኮንግረስ ያጸደቀው፣ ለኩባንያዎች የሚሰጠውን ውክልና የሚያሰፋ ሕግ ተፈርሞ ነበር። ቦይንግ ለውትወታ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። በዚያ ወገን ያለው ገንዘብ ዕረፍት አያውቅም። አዲሱ ሕግ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2022፣ ለሁለት የማክስ ሞዴሎች የተቀመጠው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የጊዜ ገደብ ተነሳላቸው። በጥር 2024 የአላስካ አየር መንገድ ማክስ ሰማይ ላይ እያለ የጎኑ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። የወንጀል ክሱም ቢሆን ሲሰነካከል ቆይቶ በ2025 ፍትሕ ሚኒስቴሩ ከኩባንያው ጋር ተስማምቶ ተዘጋ። በጥር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አንድ አዲስ ደንብ ለማውጣት አሥር ነባር ደንቦች እንዲሰረዙ አዘዙ። አሥር! ደንብ እንደ ሽንኩርት በኪሎ የሚቆጠር ይመስል።

ለዚህ ነው ተራማጅ የሚባሉት የፖሊሲ ጥናት ድርጅቶች ዛሬ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል የምለው። (ተራማጅ ስል የ66ቱን መፈክር እንዳታስታውሱብኝ። የማወራው ወንበር ላይ ተቀምጠው አምስት መቶ ገጽ ደንብ ስለሚያነቡ ሰዎች ነው።)

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፤ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የእኛው ሰው ተቃውሞ ይከብደኛል። «ቁጥጥር? በዚህ አገር? በቁጥጥር አይደል እንዴ የሞትነው!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ደንብ አስከባሪው የጀብሎውን ዕቃ ይዞ ሲሮጥ አይቻለሁ። አንዲት ሻይ ቤት ለመክፈት ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር አውቃለሁ። አገራችን ቁጥጥር አላነሰባትም፤ የተቆጣጠረችው ግን ደካማውን ነው። ጉልበተኛው ላይ ስትደርስ ቁጥጥሩ ቀዝቅዞ ወረቀት ይሆናል።

ከራሴ ላውራ። ከሁለት ዓመት በፊት በምኖርበት ሰፈር በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ሠራተኞች ወደቁ። አንዱ ሁለተኛ አልቆመም። ዜናውን ለመሥራት የፍተሻ መዝገቡን ፍለጋ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን ከመስኮት መስኮት ካመላለሱኝ በኋላ አንድ ደግ ሰውዬ «ልጄ፣ እኛ እኮ አማካሪው የሚያመጣልንን ነው ፋይል የምናደርገው» አሉኝ። አማካሪውን ማን ቀጠረው? ባለ ሕንፃው። ማን ይከፍለዋል? ባለ ሕንፃው። ያን ጊዜ ስለ ኤፍኤኤ የትርፍ ጊዜ ንባቤ ላይ ነበርኩ፤ መስኮቱ ሥር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውዬው ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ቆሼንም አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ኢቲ 302 ከመውደቁ ሁለት ዓመት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ያን ክምር ያላየ የከተማ ሹም አልነበረም። ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ፣ በገበሬዎቹ ተቃውሞ በወራት ውስጥ ወደዚያው ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ ገለልተኛ ሆኖ፣ ገንዘብ ኖሮት፣ ቁልቁለቱን ለክቶ፣ ምክር ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚጮህ ድርጅት የት ነበር?

ያልነበረበት ምክንያት አለ። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 621 በመብትና በፖሊሲ ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ አይበልጥ አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ የኢሰመጉም እንዲሁ። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ምን ሠርቶ ነበር? በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲወለድ አጥንቶ፣ ሰብስቦ፣ ሰልፍ ወጥቶ ታግሏል። ዛሬ ሴት ልጃችሁ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳርም የሚለውን ሕግ ስትጠቅሱ፣ ባል የቤቱ ብቸኛ አለቃ አይደለም ስትሉ፣ የእነሱን የጥናት ወረቀት እየበላችሁ ነው። ጥናትና ውትወታ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ሕግ ነው።

አዋጅ 621 በ2011 ዓ.ም በአዋጅ 1113 ተተካ፤ እፎይ አልን። እፎይታው ግን በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አካባቢ ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች መታገዳቸውን አላስቀረም። እገዳ ቢነሳም ትዝታው ይቀራል፤ ጥናት አጥኚው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«የፈረንጅ ገንዘብ ይበላሉ» የሚለውን ስድብም ልመልስ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ በውጭ ዕርዳታ ነው የሚኖሩት። ለምን? እኔና እናንተ ሳንቲም ስለማንሰጣቸው ነዋ! ለዕድር እንከፍላለን፣ ለዕቁብ እንከፍላለን፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ እጃችን አይታጠፍም። ልጃችን የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ማን ፈተሸው ብሎ ለሚጠይቅ ማኅበር ግን ያዋጣንበት ቀን የለም። ከዚያ ፈረንጅ ሲከፍልለት «ተላላኪ» እንለዋለን።

አሜሪካ ላሉት አንባቢዎቼ፦ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ያደርጋል። አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን አይጠይቅም። ኩባንያዎቹ ይህን መስኮት በጠበቃ ጋጋታ ይሞሉታል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያለው ወገናችን ለሰልፍ የሚወጣውን ያህል አንድ ሰዓት ሰጥቶ ስለ አቪዬሽን ደንብ ቢጽፍ ቱሉ ፈራ ከየትኛውም ጠበቃ በላይ ትናገራለች። እንዲህ ያለውን ደንብ ተከታትለው «ዛሬ ይዘጋል፣ ጻፉ» የሚሏችሁ እነዚያው ድርጅቶች ናቸው። ኢሜይላቸውን አትሰርዙት። የምትችሉ ገንዘብም ላኩ፤ በአሥር ዶላር አትፈሩ።

አገር ቤት ላለነው፦ ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት ዜና አድርገን በማግሥቱ እንረሳዋለን። ያን ሪፖርት ይዞ «ያ ገንዘብ የት ደረሰ» እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል ማኅበር ካወቃችሁ አባል ሁኑ። ሕግ ያጠናችሁ ሰነድ አንብቡለት፣ መሐንዲሶች ለኩለት፣ ሒሳብ የምትችሉ ደምሩለት። እኔ በበኩሌ ባለፈው ሳምንት ለአንዱ የዓመት መዋጮዬን ከፍያለሁ። ጸሐፊዋ ደረሰኝ ስትቆርጥልኝ «ጋዜጠኛ ነህ? በነጻ ታጣራልናለህ እንጂ ትከፍላለህ እንዴ?» ብላ ገረማት። ሁለቱንም አደርጋለሁ አልኳት። የዚያ መወጣጫ ፋይል አሁንም አልተገኘም፤ ሰኞ አብረን ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል።