ስሟን የማናውቃት ወፍ

የአማርኛ ግጥም ወፍ አጥቶ አያውቅም። ሲነጋ ወፍ ይንጫጫል፤ ናፍቆት ሲበረታ ወፍ መልእክት ይዛ ትሄዳለች፤ ተስፋ ሲቆረጥም ወፊቱ ትበራለች። ነገር ግን የትኛዋ ወፍ? እርግብን፣ ቁራን፣ ንስርንና ጉጉትን ካነሣን በኋላ ብዙዎቻችን ስንቃችን ያልቃል። ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት አገር የሚጽፍ ገጣሚ ሁልጊዜ «አንዲት ወፍ» ብሎ ማለፉ ለእኔ ስንፍና ነው። (ቀኑን የምውለው ባንክ ቤት ነውና ስም ባልተሞላበት ቅጽ ሒሳብ እንደማይከፈት አውቃለሁ።)

ይህን ሐሳብ ያጠነከረብኝ ወደ ሐረና ደን ያደረግሁት ጉዞ ነው። እኛ የአዳማ ሰዎች ወፍ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ በዓሣ አስጋሪዎች እግር ሥር የሚንጎራደደው አባ ኮዳ። በአሰላና በዶዶላ አድርጎ ጎባ ለደረሰ መንገደኛ ግን ሌላ ዓለም ይከፈትለታል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሰነቲን ቀዝቃዛ አምባ አቋርጦ ቁልቁል ወደ ደቡብ ሲወርድ መጀመሪያ አስታው፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያም ፀሐይ የማያስገባው ደጋማ የዝናብ ደን ይቀበለዋል። ዝቅ ሲል ቡና ማንም ሳይተክለው በጥላው ሥር ይበቅላል። ደኑን የሚያቅፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ወጣት ነበር። መነጽሩን ሳያነሣ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ወፉን ይለያል። አንዲት አረንጓዴ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል ቆየችና ድንገት ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቅላት ታየ። «ዋይት ቺክድ ቱራኮ» አለን። ቅላቱ መዳብ ካለበት ቀለም የሚገኝ መሆኑንም አስረዳን።

«በእናንተ ቋንቋስ ማን ትባላለች?» አልሁት።

«አያቴ ያውቁ ነበር ጋሼ። እኔ የተማርሁት ከመጽሐፉ ነው።»

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ስለ አፍሪካ ቀንድ አዕዋፍ የሚናገር ጥሩ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በወጣቱ አልፈርድም፤ እንጀራው የሚገኘው በዚያ ቋንቋ ከሚጠይቁ እንግዶች ነው። እኛ የአገሩ ሰዎች መቼ ሄደን ጠየቅነው?

ስም ማውጣት የገጣሚ ሥራ ነው፤ እኛ ስንተወው ሌሎች ሠሩት። የዚያች ወፍ ዘመድ የሆነች፣ በነጌሌ ቦረና አካባቢ የምትኖር ሌላ ቱራኮ አለች። የምትጠራው እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን በገደለው በጣሊያናዊው መስፍን በሩስፖሊ ስም ነው፤ መስፍኑ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል የት እንደተያዘች እንኳ ሳይጻፍባት ተገኘች። በነጭ ሣር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ከአንዲት የሞተች ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ተመለሱ። በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላት። እንዲህ ያለ ስም አለማውጣቴ ያስቀናኛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ግጥም የእንስሳት ጥናት አይደለም» ይሉኛል። እንዲያ ከሆነ ጅግራን ከቆቅ፣ ዋኖስን ከእርግብ ለይተው ያወረሱን አያቶቻችን ምን ሊባሉ ነው?

ማር መሪዋን እንመልከት። በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ የቦረና ማር ፈላጊዎች በተጋጠመ ጭብጣቸው ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት «ፉሊዶ» የሚሉትን ፉጨት ያሰማሉ፤ ወፏ ሰምታ ትመጣና ወደ ቀፎው ትመራቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በማያውቁት አገር 9 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ፍለጋ በወፏ መሪነት ወደ 3 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች ወፏን ያውቋታል፤ እሷም ታውቃቸዋለች።

ስለዚህ ለበዓል ዕረፍት ላንጋኖ ከምንወርድ አንድ ጊዜ ወደ ሐረና እንውጣ፤ ለአስጎብኚውም እንደ ውጭ አገር እንግዳ ተገቢውን እንክፈል። ከእንግሊዝኛውና ከላቲኑ ስም ጎን የኦሮምኛውንና የአማርኛውን የሚጽፍበት ባዶ ዐምድ ያለው ደብተር ብንሰጠው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ሲወጡ የኖሩት ሽማግሌዎች ዛሬም በመንደሩ አሉ።