ዲስኩ ሳይጠፋ ይገልበጥ

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በግንጪ፣ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ገብታችሁ መሳቢያውን ብትከፍቱ የሠርግ፣ የልደትና የምረቃ ፊልም የያዙ ዲስኮች ያለ ልባስ ተደራርበው ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹንማ ሕፃናት መስተዋት አድርገው ሲጫወቱባቸው፣ ሌሎቹም በማሳ ላይ ተንጠልጥለው ወፍ ሲያባርሩ አይተናል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የታላቅ እኅቴ ሠርግ በ1999 ዓ.ም. በሦስት ቪሲዲ ተቀርጾ ነበር፤ አንዱ ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ፊልም ብቻ ስለሚይዝ የእኛ አገር ሠርግ በአንድ አይበቃውም። በሦስተኛው ላይ፣ አኮ እያልን የምንጠራቸው አያታችን እርጥብ ሣር ይዘው በኦሮምኛ ሲመርቁ ይታያሉ። አኮ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ባለፈው ገና ድምፃቸውን እንስማ ብለን ብንከፍተው፣ ልክ ምርቃቱ ሲጀመር ሥዕሉ ተቆራርጦ ቀረ። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ዲስኮቹን ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ደራርበን ስናስቀምጥ ከላይ የነበረው እርሱ ነበር።

በኮምፒዩተር የተቀዳ ዲስክ ፊልሙን የሚይዘው በስስ የቀለም ንጣፍ ነው፤ ይህም ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። ከሥሩ የተጫረ ሲዲ አንዳንድ ጊዜ ተወልውሎ ይድናል፤ ስም በሚጻፍበት በኩል የተላጠ ግን መድኃኒት የለውም።

አባቶቻችን ብራና ሲያረጅ በሌላ ብራና ይገለብጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮም የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የመጻሕፍቱን ዝርዝር ያዘጋጁት በዚያ ካሉት ፊልሞች ነው። ታዲያ እኛ ከአንድ መሳቢያ ወደ ሌላ ቤት ለመላክ ምን አቃተን?

ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከአሥር በላይ ዲቪዲ ይችላል። ፍላሽም ይበላሻልና አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ፣ ሌላው በዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከተገለበጠ በኋላም እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል፤ እኛ ይህን ባለማድረጋችን አንዱን ሁለት ጊዜ ገልብጠናል።

አንዳንድ ሰዎች መገልበጥ ስርቆት ነው ይላሉ። የገዛ ቤታችንን ሠርግ ከማን እንሰርቃለን? ከሱቅ ለተገዛው ፊልም እንኳ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ ማድረጉን አይከለክልም፤ አባዝቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ያሉት አሮጌዎቹ ከመጣላቸው በፊት፣ ክፍሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተከፍቶልን የየቤታችንን ዲስክ እንድንገለብጥ እንዲፈቀድልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የእኅቴ ሠርግ ሁለቱ ዲስኮች ተገልብጠው አንዱ ቅጂ ግንጪ ተልኳል። ሦስተኛው ጌዶ ከሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ሳይኖር አይቀርም ተብሏል፤ በፋሲካ ሄደን እናያለን።