ስለ ፍግና ስለ ጓሮ አትክልት

ፍግ ለምድር ምግብ መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረናል፤ ስለዚህ የጓሮ ጎመናቸውን በፍግ የሚያለሙትን የቤት እመቤቶች እናመሰግናለን እንጂ አንነቅፍም። ነገር ግን በማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊሸሸግ ይችላልና ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ሕይወት ያለው ነው፤ ይኸውም በዓይን የማይታይ የተቅማጥ ተሐዋስ ነው። የሰው ዓይነ ምድር ከተቀላቀለበትም የወስፋት እንቁላል ይኖርበታል፤ እርሱም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። የተከመረ ፍግ ሲብላላ ከራሱ ይሞቃልና፥ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ 15 ቀን ቆይቶ 5 ጊዜ ቢገላበጥ አብዛኛው ተሐዋስ ይሞታል። ጥሬ ፍግ ግን አፈር ለሚነካ አትክልት ከመልቀሙ 120 ቀን አስቀድሞ ካልሆነ በቀር እንዳይጨመር የአሜሪካ የተፈጥሮ እርሻ ደንብ ያዝዛል።

ሁለተኛው ሕይወት የሌለው ነው፤ ይኸውም ከአሮጌ ባትሪና ከቀለም ጋር የሚገባው እርሳስና ካድሚየም ነው። ይህን ሙቀት አይገድለውም፤ ጎመኑን መቀቀልም አያስወግደውም፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአሜሪካ በሜን ግዛት የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ለብዙ ዘመን በእርሻ ላይ ከተበተነ በኋላ፥ ፒፋስ የተባለው የማይበሰብስ ኬሚካል በወተትና በጉድጓድ ውሃ ስለ ተገኘ፥ ግዛቲቱ በ2022 እ.ኤ.አ. መበተኑን በሕግ ከለከለች።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ ፍጉን አብላሉት፤ ባትሪውንና ቀለሙን ከክምሩ አርቁ፤ ከሥራ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከአፈር የጨመርነው ሁሉ ወደ ማዕዳችን ይመለሳልና።