ፋሲል ዘንድሮ ዋንጫ ያነሳል?

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላሉ ወላጆች ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የፕሪሚየር ሊጉ መጀመሪያ ሲቃረብ ልጅዎ ይጠይቅዎታል። «እንዴታ!» ለማለት አይቸኩሉ። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በ2014 እና በ2015 ግን ዋንጫው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ።

ስለዚህ ያለፈውን ዝና ትተው ከልጅዎ ጋር ሦስት ነገር ይመዝኑ። ከቡድኑ ማን ወጣ፣ ማንስ ገባ? አሰልጣኙ ያው ናቸው ወይስ አዲስ? ቡድኑ አቻ ይወጣባቸው የነበሩትን ጨዋታዎች ማሸነፍ ይችላል? ሊጋችን መጨረሻ ላይ ጥሎ ማለፍ የለውም፤ ዋንጫው የሚገኘው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በተጠራቀመ ነጥብ ነው። ሦስት ጊዜ አቻ መውጣት ደግሞ ከአንድ ድል አይበልጥም።

ግምታችሁን ሁለታችሁም በወረቀት ጻፉና አስቀምጡ፤ ውድድሩ ሲያልቅ አብራችሁ ታወጡታላችሁ። ገንዘብ ግን አታስይዙበት። ከገብስና ከድንች ሽያጭ የተገኘው ብር የደብተርና የዩኒፎርም ነው። ፋሲል ቢሸነፍ ልጅዎ አንድ ቀን ያኮርፋል፤ ደብተር ቢያጣ ግን ዓመቱን ሙሉ ይጎዳል።