ኮምቦልቻ፦ ርካሽ የተባለ ጉልበት ስንት ያስወጣል?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ በስፋቷ ትንሽ፣ በሥራዋ ግን ትልቅ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካውና በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ስሟን ከላብ አደሩ ጋር አያይዘውታል። ባለሀብቱን ወደዚያ ለመሳብ ዘወትር የሚነገረው ግን የሠራተኛው ጉልበት ርካሽ መሆኑ ነው። ሒሳቡ በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ አባባሉ ባላከራከረ ነበር።

ከወሎ ገጠር መጥታ መስፊያ መኪና ላይ የምትቀመጥ ወጣት የመጀመሪያ ወጪዋ የቤት ኪራይ ነው። ብቻዋን ስለማትችለው ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትጋራለች። ከኪራዩ የተረፈው ለምግብ ይውላል፤ ለወላጆቿ የምትልከው ካገኘች ዕድለኛ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ኑሮው ይበልጥ ከብዷል። ደመወዙ ኑሮውን ካልተከተለ ሠራተኛዋ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች ወይም ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ደላላ ታፈላልጋለች። ያሠለጠናት ፋብሪካም ከሀሁ ይጀምራል።

ይህ ግምት አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች አካሂደው በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ካገኙት ሰዎች ሢሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ አብዛኞቹም ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ የፋብሪካ ባለቤቶችም የሚሉት አላቸው። የልብሱን ዋጋ የሚወስነው የውጭ ገዢ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አገሪቱ በአጎዋ ያገኘችው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል አጥታለች። ይሁን እንጂ በዚያ ክፉ ቀን ገቢው የተቋረጠበት ሠራተኛም ኪሳራውን ተካፍሏል። ተመልሶ ማሽኑን ያስነሳውም እሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በየጊዜው የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ብልህ ባለሀብት ግን አዋጅ እስኪያስገድደው አይጠብቅም። የምሳና የሰርቪስ ወጪ፣ ለቆየ ሠራተኛ የሚሰጥ ጭማሪ፣ በየወሩ አዲስ ሰው ከማሠልጠን ጋር ተነጻጽሮ ይሰላ።

ጉዳዩ የፋብሪካዎቹ ብቻም አይደለም። የኮምቦልቻ ባለሱቅ ዱቤውን የሚሰበስበው፣ የጉልት ነጋዴዋ ሽንኩርቷን የምትሸጠው፣ ባጃጁ የሚሞላው ደመወዝ ሲወጣ ነው። ቤት ሠርቶ ለሠራተኛ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማከራየት የሚነሳ የከተማ ባለሀብትም ተከራይ አያጣም። መሬት የሚሰጠው የከተማ አስተዳደርም ለፋብሪካ ሼድ የሚሰጠውን ያህል ትኩረት ለሠራተኛ መኖሪያ ሊሰጥ ይገባል።

ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ ባለሙያ እጅ ግን በጊዜ ነው የሚገኘው። ኮምቦልቻ ይህ እጅ አላት። የቀራት እንዳይሸሽ ማድረግ ነው።