ነጋዴ ከገንዘቡ ሌላ የሚሰጠው አለ

ለችግረኛ ገንዘብ መስጠት በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። የመዋጮ ወረቀት ይዞ ወደ ሱቅ የገባ ሽማግሌ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸው እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ገንዘብ ብቻ አይፈጽመውም፤ መዋጮውን የሚመዘግብ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ስብሰባ የሚጠራና ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ከሌለ ገንዘቡ ከኪስ ወጥቶ በኪስ ይቀራል። ዛሬም ብዙው የሕዝብ ማኅበር የሚቸገረው እንዲህ ያለ ሰው በማጣት ነው።

ለዚህ ነገር የቅርቡ ምስክር ዕድር ነው። አባሉ በየወሩ ይከፍላል፤ ከቤቱ ሞት በገባ ቀን ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና የወጥ ዕቃ ያቀርባል፣ በደንቡ የተወሰነውንም ገንዘብ ለሐዘንተኛው ያስረክባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። መዝገቡ ከተበላሸ የከፈለው ካልከፈለው አይለይም። አባወራው ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ባለቤቱ በሐዘኗ ቀን «የሦስት ወር ውዝፍ አለባችሁ» ተብላ ደረሰኝ ፍለጋ ሣጥን ስትበረብር ብትገኝ ጥፋቱ የማን ነው? የዕድሩ ዳኛ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጸሐፊው ሸምግሎ ዓይኑ ስለ ደከመና ተተኪ ስለ ታጣ ነው እንጂ።

በዚያው ሰፈር ባለው ንግድ ቤት ግን ገቢና ወጪ በየማታው ይመሳከራል። የዚያ ንግድ ቤት ጸሐፊ በወር አንድ እሑድ ሁለት ሰዓት ቢሰጥ፣ የአባላቱን ዝርዝር አስተካክሎ፣ ደረሰኙን በተራ ቁጥር አስይዞ፣ ባንክ የገባውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ለጉባኤው ለማቅረብ አያቅተውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መዝገብ የሚይዘውና ገንዘብ የሚይዘው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ነጋዴ ይህን በሱቁ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ዕድር ላይ ሲደርስ ግን «እንተማመናለን» ብሎ ያልፈዋል። መተማመንን የሚያፈርሰው ደግሞ ይኸው ማለፍ ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ አይታጡም። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ለሠርግና ለልቅሶ የሚገኘው ጊዜ ከየት ይመጣል? ባለ ሱቁ ራሱ ባይመቸው ሠራተኛውን ከደመወዙ ሳይቀንስ በወር ግማሽ ቀን ቢያሰናብተው ብዙ አይጎዳም፤ እንዲያውም ያተርፋል። ወጣቱ የሒሳብ ሠራተኛ በሱቅ የሚለምደው አንድ አለቃን ማስረዳት ነው፤ በዕድር ግን ስለ እያንዳንዱ ሳንቲም በመቶ አባል ፊት ቆሞ መመለስን ይማራል። ይህን ትምህርት በክፍያ የሚሰጥ ኮሌጅ የለም። ጥቂት ኩንታል ዱቄት ሰጥቶ፣ ጨርቅ ላይ ስም አጽፎ፣ ፎቶግራፍ መነሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያም ነውር የለበትም፣ ብቻ በጎ ፈቃድ ተብሎ አይጠራ።

የመዝገብ ሥራ የማይሆንለትም ሰው ሥራ አያጣም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል፤ የተለገሰው ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከ42 ቀን በላይ ስለማይቆይ ደም ባንክ ሁልጊዜ አዲስ ለጋሽ ይሻል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል፤ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርትም ይሰጣል፤ ትምህርቱ ለመጋዘንና ለወፍጮ ቤት ሠራተኛ ለገዛ ሥራውም ይጠቅመዋል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያም አረጋውያንን የሚያጥብና የሚመግብ እጅ ይፈልጋል።

የሆነ ሆኖ ሩቅ ከመሄድ በፊት የራስን ዕድር መጠየቅ ይቀድማል። በወርኃዊው ስብሰባ ከክፍያው በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይቶ «መዝገቡን ማን ይይዛል? መቼ ተመርምሯል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሰኔና ሐምሌ የንግድ ቤት ሒሳብ የሚዘጋበት ወራት ስለሆነ ጸሐፊው ፋታ የለውም፤ የዕድሩን የቆየ መዝገብ ለማስተካከል የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው።