የካርቶኑ ምግብና የጋራው ትሪ

በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ግዛት በደረሰን ደብዳቤ የተነሣ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ሲሆኑ በአረጋውያን መጦሪያ ማታ ማታ ይሠራሉ። ሐኪማቸው ደማቸውን መርምሮ የስኳር በሽታ ገና ባይዛቸውም መጠኑ ወደ በሽታው ጠርዝ መጠጋቱን ነግሯቸዋል፤ ክብደት እንዲቀንሱም መክሯቸዋል። እሳቸውም ከሥራ ባልደረቦቻቸው አይተው ሥጋ የሌለበትን፣ በልክ ታሽጎና በረዶ ሆኖ በካርቶን የሚሸጠውን ምግብ በማይክሮዌቭ እያሞቁ በቀን ሁለት ጊዜ መብላት ጀመሩ። በሦስት ወር ውስጥ 6 ኪሎ ያህል ቀነሱ።

የደብዳቤያቸው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። «ባለቤቴና ልጆቼ ትሪውን ከበው ሲበሉ እኔ ካርቶኔን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ከእኛ ጋር መብላት ተጸየፍሽ ወይ ይለኛል። ደግሞስ ሥጋ የለውም ማለት ሐላል ነው ማለት ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ የሐኪማቸው ምክር ቀላል እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ስኳራቸው ከጤናማው መጠን ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና ለበሽታ ያልደረሰ ከ3,200 በላይ ሰዎች በቡድን ተከፍለው ለሦስት ዓመት ገደማ ክትትል ተደረገላቸው። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል፣ መድኃኒት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በ58 በመቶ ዝቅ አለ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ላይ የታየው ቅናሽ 31 በመቶ ነበር። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ እህታችን የጣሉት 6 ኪሎ ለመልክ ሳይሆን ለዓይናቸው፣ ለኩላሊታቸውና ለእግራቸው የሚቆጠር ነው። ይህችን አንቀጽ ባለቤታቸውም ቢያነቧት መልካም ነው።

ለመሆኑ ይህ ምግብ ከየት መጣ? ክላረንስ በርድስአይ የተባለ አሜሪካዊ በሰሜን ምሥራቅ ካናዳ፣ ላብራዶር በሚባለው ብርዳም አገር ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ ወዲያው በረዶ ሆኖ ቆይቶ ሲቀልጥ ጣዕሙ እንዳልተበላሸ አስተዋለ። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር። ምግብ ቀስ እያለ በረዶ ሲሆን በውስጡ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ይሰነጣጥቁታል፤ ቶሎ ሲሆን ግን ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ናቸው። ሰውየው በ1920ዎቹ ይህን በመሣሪያ ሠራው። በ1950ዎቹ ስዋንሰን የተባለው ኩባንያ ሙሉ እራት በአሉሚኒየም ሳህን ከፋፍሎ «የቴሌቪዥን እራት» ብሎ ሸጠ። በ1981 ደግሞ ክብደታቸውን ለሚቆጣጠሩ ሰዎች የታሰበው ሊን ኩዊዚን ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ምግቦቹ እያንዳንዳቸው ከ300 ካሎሪ በታች ነበሩ። ሥጋ የሌለበትን ምግብ ብቻ የሚያዘጋጀው ኤሚስ ኪችን በ1987 በካሊፎርኒያ ሲቋቋም መሥራቾቹ ሴት ልጅ የወለዱና ለማብሰል ጊዜ ያጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ድርጅቱንም በልጃቸው ስም ጠሩት። ጊዜ ያጣ ቤተሰብ የፈጠረውን ምግብ ሌሊት ከሥራ የሚገቡ እናት ቢገዙት አያስደንቅም።

ታዲያ ክብደት የሚቀንሰው በረዶው ነው? አይደለም። ሥጋ ስለሌለበት ነው? እሱም ብቻውን አይደለም። ማካሮኒ በአይብ ሥጋ የለውም፤ የአይብ ፒዛም የለውም፤ ሁለቱም ግን በደንብ ያወፍራሉ። የካርቶኑ ጥቅም ጫፍ ያለው መሆኑ ነው። ሲያልቅ ያልቃል። የእኛ ትሪ ግን ጫፉ አይታወቅም። እንጀራው ሲያልቅ ይጨመራል፤ ወጡ ሲደርቅ ይጨለፍበታል፤ እናት የልጆቿ ትራፊ እንዳይጣል ትለቅማለች፤ አክስት ደግሞ «ወላሂ ይቺን ብቻ» ብላ ታጎርሳለች። ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም፤ በላተኛው ራሱም ቢሆን።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1992 በአሜሪካ በታተመ አንድ የሕክምና ጥናት ላይ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» የሚሉ ወፍራም ሰዎች ተመረመሩ። ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥልበት መጠን ጤነኛ ነበር። ሲለካ ግን የበሉትን ከእውነተኛው መጠን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አብዝተው ነበር ያወሩት። ይህን እንደ ውሸት መቁጠር አይገባም፤ ያልተለካ ነገር ከሒሳብ ያመልጣል። በ2002 ደግሞ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ለአንድ ሰው በተለያየ ቀን 500 ግራም፣ በሌላ ቀን እስከ 1,000 ግራም ማካሮኒ በአይብ እያቀረበ ምን ያህል እንደሚበላ መዘነ። ትልቁ በቀረበ ቀን ሰዎቹ ትንሹ ከቀረበበት ቀን 30 በመቶ ያህል አብልጠው በሉ። የሚገርመው ግን ከምግቡ በኋላ «ጠግበሃል ወይ?» ሲባሉ በሁለቱም ቀን የሰጡት መልስ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። ለካስ ሆድ ሳይሆን ሳህን ነው የሚያዘው!

የዘይቱን ነገር አብረን እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በአሜሪካ መለኪያ አንድ ኩባያ 16 ማንኪያ ነው፤ ስለዚህ 1,920 ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኩባያ ዘይት የገባበት የምስር ወጥ ለስድስት ሰው ቢከፈል ለእያንዳንዱ ከዘይቱ ብቻ 320 ካሎሪ ይደርሰዋል። ይህም እንጀራውና ምስሩ ሳይቆጠር የአንድ ሙሉ ካርቶን ምግብ ያህል ነው። ወጣችን ሥጋ ስለሌለው ቀላል ነው የምንል ሁሉ ይህችን ሒሳብ በቤታችን ጠርሙስ ብንሞክራት ጥሩ ነው። እኔ ለሴቶቻችን ጥፋቱን አልሰጥም፤ ዘይቱ ያልተንሳፈፈ ወጥ ሲቀርብ «ቆጠብሽበት» የሚለው ማን ሆነና!

ይሁንና ካርቶኑን ያለ ልክ ማመስገንም አይገባም። አንደኛ፣ በቀን ሦስት ባለ 300 ካሎሪ ካርቶን ብቻ የሚበላ ሰው 900 ካሎሪ ብቻ አገኘ ማለት ነው፤ ይህ ያለ ሐኪም ክትትል የሚሞከር አይደለም። እህታችን ሁለት ካርቶን በልተው ቁርሳቸውን በቤት ማድረጋቸው ደግ ነው፤ በዚያ ላይ ፍራፍሬ፣ እርጎ፣ እንቁላል ወይም ተጨማሪ አትክልት ቢያክሉ ይበልጥ ይጠቀማሉ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም። ምግቡ ሲቀንስ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው ከቀጠለ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ጨው ነው። በካርቶኑ ጎን ሶዲየም የሚል መስመር አለ። 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት አንድ ግራም ተኩል ጨው ነው፤ ይህን ያህል ያለው ካርቶን ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም በታች ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ካርቶን ከበሉ በኋላ ቀሪው ቀን ብዙ ቦታ የለውም፤ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ያነሰውን መምረጥ ግድ ነው። ሦስተኛው ፕሮቲን ነው። ከፓስታና ከሩዝ ብቻ የተሠራው ቶሎ ያስርባል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ቶፉ ያለበት ይሻላል።

የአሜሪካ ሕግ ከ1994 ጀምሮ ይህን ሁሉ በጥቅሉ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ብቻ አንድ ዘዴ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የሚነበበው ካሎሪው ሳይሆን «በጥቅሉ ውስጥ ስንት መጠን አለ» የሚለው ነው። ሁለት የሚል ከሆነ ለአንዱ መጠን የተጻፈው ቁጥር በሁለት ይባዛል። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከወላጆቻቸው ይልቅ የሚያውቁ በመሆናቸው ይህን የማንበብ ሥራ ለእነሱ መስጠት ይቻላል፤ የሒሳብ አስተማሪ እንደመሆኔ ከዚህ የተሻለ የማባዛት ልምምድ አላውቅም።

ወደ ሐላሉ ጥያቄ ስንመጣ፣ ሥጋ የለውም ማለት ብዙውን ሥጋት ያስወግዳል፤ ሁሉንም ግን አያስወግድም። በአገራችን «የጾም ምግብ» ሲባል ወተትም እንቁላልም እንደሌለው እናውቃለን። በአሜሪካ ቬጀቴሪያን የተባለው ግን አይብ፣ ቅቤና እንቁላል ሊኖረው ይችላል፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበት ቪጋን የሚባለው ነው። አይብ የሚረጋበት ሬኔት አንዳንዴ ከጥጃ ጨጓራ ይወጣል፤ በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ነው። ከደቂቅ ሕዋሳት የተገኘ መሆኑን የጻፈ አይብ ከዚህ ክርክር ነፃ ያወጣል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወይን ጠጅ ነው፤ የእንጉዳይና የፓስታ ሶሶች ውስጥ ይገባል፤ ቪጋን የሚለው ጽሑፍም አያግደውም። አይሁዶች የሚጠቀሙበት በክብ ውስጥ ያለው የዩ ፊደልም ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ለእነሱ ወይን በሥርዓቱ ከተዘጋጀ የተፈቀደ ነውና። ኢፋንካ የተባለው የአሜሪካ ሙስሊሞች ድርጅት የሚሰጠው የጨረቃና የኤም ፊደል ምልክት ካለ ግን ፍለጋው ያጥራል።

አሁን ወደ ትሪው እንመለስ፤ ለእኔ የደብዳቤው ልብ ይህ ነው። የእህታችን ባለቤት ቅሬታ ከምቀኝነት የመጣ አይመስለኝም። በስደት አገር፣ አንዱ ሲገባ ሌላው በሚወጣበት ቤት፣ ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚታይበት ሰዓት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥግ መቀመጡ ቀርቶ ካርቶኑን በሳህን ገልብጦ ከትሪው አጠገብ ማቅረብ ይቻላል፤ ልጅ ቢያጎርስም አንዲት ጉርሻ ስድስቱን ኪሎ አትመልስም። ለባለቤታቸውም አንድ ነገር እላለሁ፦ «ተጸየፍሽ ወይ» ከማለት «ዛሬ ምን ያህል ጨው አለው?» ብሎ ካርቶኑን አንስቶ ማየት ይቀላል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ለትሪው ጫፍ ማበጀት ይመስለኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አብሮ መብላትን እንዳበረታቱ ሁሉ እያንዳንዱ ከፊት ለፊቱ እንዲበላም አስተምረዋል። ይህን ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ አደብ ብቻ ነው፤ ለመለካትም ግን ያገለግላል። ወጡ በትሪው መሐል በአንድ ላይ ከሚደፋ ለየሰዉ በፊቱ በጭልፋ ቢወጣለት፣ አብሮነቱ ሳይጓደል ድርሻው ይታወቃል። በመድረሳ የዘካተል ፊጥርን ምዕራፍ ስንማር ሙድ የሚባለውን መስፈሪያ በሁለት እጅ እፍኝ ነበር የምንለካው፤ አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። እጅ መለኪያ መሆኑን ያኔ ተምረናል፤ ለወጡም አንድ ጭልፋ መርጦ ሁልጊዜ በእሱ ማውጣት ነው።

ካርቶኑን በቤት መሥራትም ይቻላል። በዕረፍት ቀን ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ድንች በተለካ ዘይት ሠርቶ ለአንድ ሰው በሚበቃ ዕቃ መክፈል ነው። ትኩሱ ወጥ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ ለሦስት ወር ያህል ጣዕሙን ይጠብቃል። በዕቃው ላይ ቀኑን ጻፉበት። ሲሞቅ እስከ መሐሉ እንፋሎት ይውጣው፤ ለማይክሮዌቭ ባልተሠራ ፕላስቲክ ግን አይሞቅ። መብራት በሚጠፋበት አገር ላለን፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል በረዶውን ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ቀልጦ ሙቀት የገባውን ምግብ መልሶ ማስቀመጥ አይገባም።

እህታችን ስለ ረመዳንም በአጭሩ ጠይቀዋል፤ ካርቶኑ ለሱሑር ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው። ይሆናል፤ ግን ጨው የበዛበት ቀኑን ሙሉ ስለሚያስጠማ ባቄላ ወይም ምስር ያለበትንና ሶዲየሙ ያነሰውን ይምረጡ፣ ከእሱም ጋር ውኃና አንድ ፍሬ ያክሉ። ለኢፍጣሩ ግን ካርቶኑን ፍሪዘር ውስጥ ይተውትና ከልጆቻቸው ጋር ይቀመጡ፤ ሳምቡሳውን ሁለት አድርገው።